ለጆሮ የተሠራ ክዳን

ዐይን ክዳን አለው፤ ማየት ያልፈለገው ነገር ሲያጋጥመው ይከደናል፤ ሲተኛም ይዘጋል። አፍም ከንፈር አለው። ጆሮ ግን ቀንም ሆነ ሌሊት ክፍት ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ እንኳ ጆሮው እንደ ዘብ ቆሞ ያድራል፤ የበር መንኳኳት፣ የውሻ ጩኸት ወይም የሕፃን ለቅሶ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ የተፈጥሮ ጥበቃ አውሬ በበዛበት ዱር ለኖረው ለጥንቱ ሰው ሕይወቱን ያተረፈለት መሆኑ አያጠራጥርም። ሞተር በበዛበት ዘመን ለሚኖረው ሰው ግን ያው ጥበቃ ሸክም ሆኖበታል። ከጧት እስከ ማታ ወደ ጆሮው ከሚገባው ድምፅ አብዛኛው ማንም ለማንም ያልላከው፣ ትርጉም የሌለው ጉርምርምታ ነውና።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናል ተብሎ የቀረበው መሣሪያ ጫጫታ አጥፊ የጆሮ ማዳመጫ ነው። መሣሪያው በመጀመሪያ የታሰበው ለአውሮፕላን ጉዞ ነበር፤ ዛሬ ግን ከአውሮፕላን ወርዶ በአውቶቡስ፣ በታክሲ፣ በመሥሪያ ቤት፣ በቤተ መጻሕፍትና በመንገድ ላይ ይታያል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎችም ጆሮውን ሸፍኖ የሚሄድ ወጣት ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። አንዳንዶች መሣሪያውን የዘመኑ በረከት አድርገው ያወድሱታል፤ ሌሎች ደግሞ ወጣቱን ከሰው የሚለይ የድሎት ዕቃ ነው ሲሉ ይነቅፉታል። ሁለቱም ወገኖች በከፊል ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ግን አንድ ነገር ዘንግተዋል። ይህ መሣሪያ የተሠራው ሰው የፈለገውን ነገር በዝቅተኛ ድምፅ አጥርቶ እንዲሰማ ነው። ይህን ጥቅም በሚሰጥበት ቦታ የሚመሰገን ዕቃ ነው፤ ላለመስማት ሲባል ብቻ ከጧት እስከ ማታ ጆሮ ላይ የሚውል ከሆነ ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ፍርዱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ለመመርመር አስቀድሞ የመሣሪያውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ነገሩ በመጀመሪያ ሲሰማ እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ጫጫታን የሚያጠፋው ሌላ ድምፅ በመጨመር ነውና። ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዝ ሞገድ ነው። ሞገዱ ሲያልፍ አየሩ በየተራ ይታመቃል፣ ይላላል። አየሩ በሚታመቅበት ቅጽበት ሌላ ድምፅ መጥቶ በዚያው መጠን ቢያላላው፣ በሚላላበትም ቅጽበት በዚያው መጠን ቢያምቀው፣ አየሩ ባለበት ጸጥ ይላል፤ ጆሮም የሚሰማው ነገር ያጣል። ይህም ጉልበታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች አንዱን በር ከውስጥና ከውጭ ሲገፉት በሩ እንደማይነቃነቅ ያለ ነው። በማዳመጫው ሽፋን ላይ የተተከሉት ጥቃቅን ማይክሮፎኖች የውጭውን ድምፅ ይቀበላሉ፤ በውስጡ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል የዚያን ድምፅ ግልባጭ ያዘጋጃል፤ ግልባጩም ከሙዚቃው ወይም ከንግግሩ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ጆሮ ይላካል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በሽፋኑ ውስጥ፣ ከጆሮው አጠገብ፣ ሌላ ማይክሮፎን ስላላቸው ሳይጠፋ የቀረውን ትርፍራፊ ድምፅ እየተከታተሉ ሥራቸውን ያርማሉ።

ይህ ሁሉ የሚፈጸምበት ጊዜ ከሰከንድ አንድ ሺኛ እጅግ ያነሰ መሆን አለበት። የመሣሪያው ድካም የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ያህል ነው፤ በሰከንድ 4,000 ጊዜ የሚርገበገብ ቀጭን ድምፅ ግን ርዝመቱ ከ8.5 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ግልባጩ ጥቂት ቢዘገይ ለረጅሙ ሞገድ ይህ ነው የሚባል ስሕተት አይሆንም፤ ለአጭሩ ሞገድ ግን ያው መዘግየት ግልባጩን ከቦታው ያስተዋል፤ በዚህ ጊዜ ድምፁን ማጥፋቱ ቀርቶ ሊጨምርበት ይችላል። ስለዚህ ኤሌክትሮኒክሱ ብርቱ የሚሆነው በሞተር ጉርምርምታና በመሳሰሉት ወፍራምና የማይለዋወጡ ድምፆች ላይ ነው። ቀጫጭኖቹን ድምፆች የሚከላከለው ጆሮን ዙሪያውን የሚከብበው ልስልስ ስፖንጅ ነው፤ ይህም ማንኛውም ተራ የጆሮ መሸፈኛ ከሚሠራው ሥራ የተለየ አይደለም።

የሰው ንግግር በአብዛኛው ከሞተር ድምፅ የቀጠነ በመሆኑ መሣሪያው ፈጽሞ ሊያጠፋው አይችልም። እንዲያውም ሸፍኖት የነበረው ጉርምርምታ ሲነሣለት የጎረቤት ወሬ ከቀድሞው ይልቅ ጎልቶ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ፍጹም ጸጥታን የጠበቀ መንገደኛ ከኋላው የሚያለቅሰውን ሕፃን እንደ በፊቱ ሲሰማ ሻጩ ያታለለው ይመስለዋል። ሻጩ አላታለለው ይሆናል፤ ተፈጥሮ ግን የሕፃንን ለቅሶ ማንም ችላ እንዳይለው አድርጋ ነው የሠራችው።

የፈጠራው ታሪክ ከብዙ ሰው ግምት በላይ ያረጀ ነው። ፓውል ሉዌግ የተባለ ጀርመናዊ ድምፅን በተቃራኒ ድምፅ ማጥፋት እንደሚቻል ገልጾ እ.ኤ.አ. በ1933 በአገሩ የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በ1936 ደግሞ በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ተሰጠው። ይሁንና የዚያ ዘመን ኤሌክትሮኒክስ በትልልቅ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ ስለነበር ሐሳቡ ለጊዜው ከወረቀት ሊያልፍ አልቻለም። በ1950ዎቹ ዓመታት ሎውረንስ ፎገል የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የሄሊኮፕተርና የአውሮፕላን አብራሪዎችን ጆሮ ከሞተር ጩኸት ለመገላገል በዚሁ መንገድ ሠራ። ነገሩን ወደ ሰፊው ሕዝብ ያደረሰው ግን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበረው አማር ቦዝ ነው። ቦዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበር አየር መንገዱ በሰጠው ማዳመጫ ሙዚቃ ለመስማት ሞከረ፤ የአውሮፕላኑ ድምፅ ሙዚቃውን ዋጠው። እርሱም ማዳመጫውን አስቀምጦ እዚያው መቀመጫው ላይ እንዳለ ችግሩን የሚፈታበትን ስሌት መሥራት ጀመረ። ከስሌቱ እስከ ገበያው ግን ከአሥር ዓመት በላይ ወስዷል። በ1986 ዲክ ሩታንና ጂና ዬገር ቮዬጀር በተባለችው አውሮፕላን የትም ሳያርፉና ነዳጅ ሳይጨምሩ ዓለምን በዘጠኝ ቀን ሲዞሩ የሙከራ ማዳመጫዎቹን ይዘው ነበር። በ1989 መሣሪያው ለአብራሪዎች ተሸጠ፤ ለተራው መንገደኛ የቀረበው በ2000 ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሊስተዋል የሚገባው ቁም ነገር የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች ማንነት ነው። አብራሪ ማዳመጫውን የሚያደርገው ከባልደረባው ለመለየት ወይም በራሱ ሐሳብ ለመዋጥ አይደለም። ከምድር በሬዲዮ የሚተላለፍለት ትእዛዝ በሞተሩ ጩኸት እንዳይዋጥበት ነው። አንድ ቁጥር አሳስቶ ቢሰማ የብዙ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ቦዝም ቢሆን የተነሣው ጸጥታ ፈልጎ ሳይሆን ሙዚቃ ልስማ ብሎ ነው።

የአውሮፕላን ጉዞ ለመሣሪያው ከሁሉ የተመቸ ቦታ መሆኑ የታወቀ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ የተጠቀመበት የዲሲ 3 ዓይነት አውሮፕላን ሁለት ፒስተን ሞተሮች ነበሩት፤ መንገደኞቹም የሞተሮቹንና የፕሮፔለሮቹን ጩኸት ችለው ከመጓዝ በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። አየር መንገዱ በ2012 ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ከዚያ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጸጥ ያለ ነው። ቢሆንም ጄት አውሮፕላን በከፍታ ላይ ሲበር በመንገደኞች ክፍል ውስጥ ያለው ድምፅ በአብዛኛው 80 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ እንደ አውሮፕላኑና እንደ መቀመጫው ከዚያ የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። ድምፁ የሚመጣው ከሞተሩ ብቻ አይደለም። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል የሚገሠግሠውን አውሮፕላን ገላ እየታከከ የሚያልፈው አየር፣ በክፍሉም ውስጥ ያለማቋረጥ የሚናፈሰው አየር የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ከዋሽንግተን ተነሥቶ በቀጥታ አዲስ አበባ የሚገባው በረራ አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ዘመድ ጥየቃ የሚመጣው መንገደኛ ያን ሁሉ ሰዓት በዚህ ድምፅ ውስጥ ተቀምጦ ሲወርድ፣ ምንም ሥራ ሳይሠራ የድካም ስሜት የሚሰማው በእንቅልፍ ማጣት ብቻ አይደለም።

የክፍሉ ድምፅ ብቻውን በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ለሚጓዝ ሰው ያን ያህል የሚያሰጋ አይደለም። አደጋው የሚመጣው መንገደኛው በዚያ ድምፅ ላይ ሌላ ድምፅ ሲጨምርበት ነው። ተራ ማዳመጫ ያደረገ ሰው ፊልሙን ወይም ዘፈኑን ለመስማት ከክፍሉ ድምፅ በላይ ማስጮህ ግድ ይሆንበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መመዘኛ መሠረት አንድ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ድረስ ያለ ስጋት ሊሰማ ይችላል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ እጥፍ ስለሚሆን የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ 86 ዴሲቤል 10 ሰዓት፣ 89 ዴሲቤል 5 ሰዓት፣ 92 ዴሲቤል ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ይህም ማለት በአውሮፕላን ውስጥ ማዳመጫውን 92 ዴሲቤል ላይ አድርጎ አንድ ረዘም ያለ ፊልም ያየ መንገደኛ የሳምንት ድርሻውን ጨርሷል ማለት ነው። ጉዞው ግን ገና አሥር ሰዓት ይቀረዋል።

ጫጫታ አጥፊው ማዳመጫ እውነተኛ ጥቅሙን የሚሰጠው በዚህ ጊዜ ነው። ወፍራሙን ድምፅ 20 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ስለሚቀንስ አድማጩ ያንኑ ፊልም በተራ ጭውውት መጠን ሰምቶ ይረዳዋል። መሣሪያውን አድርጎ ሳለ ድምፁን እንደ ቀድሞው የሚያስጮህ ሰው ግን ገንዘቡን ከማባከኑም ሌላ ጆሮውን ከጉዳት አላዳነም። እንዲህ ያለው ሰው ጥቂት አለመሆኑ ያሳዝናል።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው የአበው ተረት የሚነገረው ስለ ሐሜት ነው፤ ነገር ግን ለዚህም ጉዳይ ይስማማል። ጆሮ ሲጎዳ ለባለቤቱ አይነግረውም። በውስጠኛው ጆሮ፣ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ጠመዝማዛ አካል ውስጥ፣ ድምፅን ተቀብለው ወደ አንጎል የሚያስተላልፉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ቁጥራቸው በአንድ ጆሮ አሥራ አምስት ሺህ ያህል ነው። ቆዳ ቢቆረጥ ይሽራል፤ አጥንት ቢሰበር ይጠገናል፤ እነዚህ ሕዋሳት ግን አንድ ጊዜ ከሞቱ በሰው ላይ ዳግመኛ አይበቅሉም። አሟሟታቸውም ሕመም የለውም። በመጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው፤ ሰውየው ንግግር ይሰማል፣ ቃላቱ ግን ይምታቱበታል፤ ሌላው ሰው አጥርቶ የማይናገር ይመስለዋል። ነገሩን የሚያውቀው ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ከ12 እስከ 35 ዓመት ዕድሜ ካላቸው የዓለም ወጣቶች መካከል ከ1 ቢሊዮን የሚበልጡት ከልክ ያለፈ ድምፅ በማዳመጥ የመስማት ችሎታቸውን ለማጣት አደጋ የተጋለጡ መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

መሣሪያው ውድ ነው፤ አምስት ብር የማይሞላ ስፖንጅ ጆሮ ውስጥ ቢወተፍ ያንኑ ይሠራል የሚሉ ተቃዋሚዎች አሉ። በዋጋው ላይ ማጋነናቸው ካልቀረ በቀር ክርክራቸው ዋዛ አይደለም። ለመተኛት ብቻ ለሚፈልግ መንገደኛ በደንብ የተወተፈ የስፖንጅ መድፈኛ ይበቃዋል፤ ባትሪም አያስፈልገውም። መድፈኛው የማይሠራው ሌላውን ድምፅ እየከለከለ የተፈለገውን ማሰማት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በሣጥኑ ላይ «ጫጫታ ያጠፋል» ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ ሁሉ የተባለውን አይሠራም። አንዳንዱ የሚያጠፋው በስልክ ሲነጋገሩ ከወዲያ ያለው ሰው የሚሰማውን ጫጫታ ብቻ ነው፤ ያደረገው ሰው ጆሮ ምንም አይጠቀምም። ገዢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ማዳመጫውን አድርጎ በሚሠራ ቬንቲሌተር ወይም ማቀዝቀዣ አጠገብ ቢቆምና ቁልፉን ቢከፍት ቢዘጋ እውነቱን ወዲያው ይደርስበታል።

ከአውሮፕላኑ ሳይወርዱ መታየት ያለበት አንድ ሌላ ነገር አለ። ልጇ ወልዳ ልታርስ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የምትሄድ፣ አውሮፕላን ተሳፍራ የማታውቅ አንዲት እናት አለች እንበል። አጠገቧ የተቀመጠው ወጣት ገና አውሮፕላኑ ሳይነሣ ጆሮውን ሸፍኗል። እናቲቱ ቀበቶው እንዴት እንደሚፈታ አታውቅም፤ አስተናጋጇ ስለ ምግቡ በፍጥነት የተናገረችውን በሚገባ አልሰማችም፤ አውሮፕላኑ በአየር ሞገድ ሲናወጥ ትደነግጣለች፤ የሚያጽናናትም ሰው ትሻለች። ወጣቱን ደጋግማ ትመለከተዋለች። የተሸፈነ ጆሮ ግን «አትንኩኝ» ተብሎ በር ላይ እንደ ተለጠፈ ጽሕፈት ስለሆነ ትከሻውን ነካ ለማድረግ ትፈራለች። ወጣቱ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ቢጠየቅ በደስታ ይረዳት ነበር። መሣሪያው የወሰደበት የመጠየቅን ዕድል ነው። ሲነሡ፣ ምግብ ሲቀርብና ሲያርፉ ማዳመጫውን አውርዶ አንድ ሁለት ቃል ቢለዋወጥ ከረጅሙ ጉዞ ውስጥ የሚያጣው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ብዙ አየር መንገዶችም ቢሆኑ በመነሻና በማረፊያ ጊዜ ትልልቅ ማዳመጫዎች እንዲወልቁ የሚያዝዙት መንገደኛው የአደጋ ጊዜ ማስታወቂያ እንዳያመልጠው ብለው ነው።

በከተማ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። የአውሮፕላን ድምፅ ትርጉም የለውም፤ የመንገድ ድምፅ ግን አብዛኛው መልእክት ነው። የመኪና ጥሩንባ፣ ከኋላ የሚመጣ ባጃጅ፣ «ፒያሳ! ፒያሳ!» የሚለው የታክሲ ረዳት፣ «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ገዢ፣ የጎረቤት «እንደምን አደርህ» ሁሉም ለሰሚው አንድ ነገር ይነግሩታል። እንደ ተባለው መሣሪያው በወፍራም ድምፅ ላይ ብርቱ ነው፤ እየቀረበ የሚመጣ የከባድ መኪና ሞተርም ወፍራም ድምፅ ነው። ስለዚህ እግረኛው ሊሰማ ከሚገባው ሁሉ አስቀድሞ የሚያጠፋበት ሕይወቱን የሚያድንለትን ይሆናል። የእግረኛ መንገድ በጠበበበትና እግረኛው አስፋልቱን ከመኪና ጋር በሚሻማበት ከተማ ይህ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባም። አዳዲሶቹ ማዳመጫዎች የውጭውን ድምፅ በማይክሮፎን ተቀብለው የሚያስገቡበት ቁልፍ አላቸው፤ መንገድ ላይ ያንን መጠቀም ከምንም ይሻላል። ግን ደግሞ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ በእርግጥ የሚለየው ያልተሸፈነ ጆሮ ነው።

ስለ ሰላምታውም አንድ ነገር መባል አለበት። በኢትዮጵያ ባህል ታላቅን አይቶ ሰላምታ ሳይሰጡ ማለፍ ነውር ነው፤ ሰላምታ ሲሰጡት አለመመለስ ደግሞ የባሰ ነውር ነው። አዛውንቱ የልጁ ጆሮ በመሣሪያ መደፈኑን ልብ ላይሉ ይችላሉ፤ በተለይ ማዳመጫው ከጆሮ ውስጥ ገብቶ የማይታይ ከሆነ የሚያዩት አንገቱን አቅንቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ልጅ ብቻ ነው። ወላጆቹን ያውቃሉ፤ አሳዳጊ የበደለው ይሉታል። የልጁ ጥፋት ቸልተኝነት እንጂ ንቀት አልነበረም፤ ቅያሜው ግን እውነተኛ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል መሣሪያው በምድር ላይ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። በአንዲት ክፍል ውስጥ ከአምስት እኅትና ወንድም ጋር ለሚኖር፣ ከጎኑ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ወይም የጄኔሬተር ሞተር ላለበት ተማሪ ሁለት ሰዓት ጸጥታ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ያለ ሙዚቃ፣ ጫጫታ ማጥፊያውን ብቻ ከፍቶ ማጥናት ይችላል፤ ይህ አጠቃቀም ከሁሉ የተሻለው ሲሆን የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። አንዳንድ ሰው በዚህ ጊዜ ጆሮው የታፈነ ዓይነት ስሜት ይሰማዋል። ይህ ስሜት ለብዙዎች እየተለመደ ይሄዳል፤ ላልለመደው ሰው አውልቆ ማረፍ ነው።

እንዲህ ያለውን ተማሪ ሲያስቡ ግን ጥያቄው ከመሣሪያው አልፎ ይሄዳል። የማዳመጫው ዋጋ ከአንድ መምህር የወር ደመወዝ ጋር ሊፎካከር በሚችልበት አገር ጸጥታ በገበያ የሚሸመት ዕቃ ከሆነ፣ የሚገዛው ያለው ሰው ብቻ ነው። ያለው ሰው ጆሮውን ሸፍኖ ካለፈ ደግሞ ስለ ጩኸቱ አቤት የሚል ይጠፋል። በኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደረጃ ሊወጣላቸው ይገባል ካላቸው ጉዳዮች አንዱ የድምፅ መጠን ነው። ጩኸት እንደ ጭስና እንደ ቆሻሻ ውሃ ሁሉ ከምንጩ መገደብ አለበት ማለት ነው። ጩኸትን ከምንጩ መቀነስ እንደሚቻልም አውሮፕላኑ ራሱ ምስክር ነው። የ787 ሞተር ሽፋን የኋላ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠው ለጌጥ አይደለም፤ ከሞተሩ የሚወጣው ፈጣን አየር ከውጭው አየር ጋር ቀስ ብሎ እንዲቀላቀልና ጩኸቱ እንዲቀንስ ተብሎ ነው።

ከአውሮፕላን መንገደኛም ሆነ ከከተማ ተማሪ ይልቅ ጆሮው ለባሰ አደጋ የተጋለጠው የእህል ወፍጮ ሠራተኛ ነው። ወፍጮ ቤት ውሎ የሚገባ ሰው እቤቱ ማዕድ ላይ ተቀምጦ እንኳ እየጮኸ ሲናገር፣ ሚስቱና ልጆቹም ደጋግመው ሲጠሩት ማየት የተለመደ ነው፤ ሰፈርተኛውም እንደ ጠባዩ ቆጥሮ ይስቅበታል። ለእርሱ ጫጫታ አጥፊው ማዳመጫ አይበጀውም፤ መሣሪያው ለሥራ ቦታ መከላከያነት የተሠራ አይደለም፤ የወፍጮውም ጩኸት ወፍራሙንና ቀጭኑን አደባልቆ የያዘ ነው። የሚያስፈልገው ሞተሩን ከሠራተኛው በግድግዳ መለየት፣ የላላውን ብሎን ማጥበቅ፣ ጆሮንም አጥብቆ የሚሸፍን ተራ የሥራ መከላከያ መስጠት ነው። ይህ መከላከያ ባትሪ የለውም፤ ሙዚቃ አያሰማም፤ ዋጋውም አንድ መንገደኛ ለዋሽንግተኑ በረራ ከሚገዛው ማዳመጫ እጅግ ያነሰ ነው።